ቤታችሁን ማን ይይላችሁ? «ምንም የለውም» ከሚል ሰው ተጠንቀቁ!



እስቲ ዛሬ በጥያቄ ልጀምር። ጫማ ልትገዙ መርካቶ ስትወርዱ ስንት ሱቅ ትዞራላችሁ? አምስት? ስድስት? ሶሉን ታጥፋላችሁ፣ ስፌቱን ትነካካላችሁ፣ «ኦሪጅናል ነው?» እያላችሁ ሻጩን ታስምላላችሁ። ሞባይል ስትገዙማ ሦስት አዋቂ ጓደኛ አስከትላችሁ ነው። መልካም! ቤት ልታሳድሱ ስትነሡስ? «የዚህ ቤት ሕመሙ የቱ ጋ ነው?» ብሎ መርምሮ የሚነግራችሁን ሰው እንዴት ነው የምትመርጡት?

ልንገራችሁ? አትመርጡትም! «የእገሌ ወንድም እኮ ኢንጂነር ነው» ይባላል። ይጠራል፣ ቡና ይፈላለታል፣ ያለው ይፈጸማል። አለቀ! እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ይህን የምጽፍላችሁ መሐንዲስ ስለሆንኩ አይደለም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ በብዕሬ የማድር ሰው ነኝ። የምጽፍላችሁ እኔ የተቃጠልኩበት እሳት እናንተን እንዳይነካችሁ ብዬ ነው።

«ሊፈርስ ነው» የተባለው ቤት

የምንኖረው ልደታ ነው። ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ አባታችን በተወልን የጭቃ ቤት። የሰፈሩ ልጅ ያውቀዋል፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያ ሁሉ የጥንት መንደር በመልሶ ማልማት ፈርሶ ኮንዶሚኒየሙ ሲበቅል የእኛ ጥግ ተረፈች። ተርፋ ምን ሆነች? በየዓመቱ «ዘንድሮ ትፈርሳለች» ይባላል። «ነገ ለሚፈርስ ቤት ዛሬ ሚስማር ምን ያደርግለታል?» እየተባለ፣ ቤታችን መፍረሷን ስትጠባበቅ አረጀች።

የጭቃ ቤት ስላችሁ ፊታችሁን እንዳታጨማድዱ! አዲስ አበባን አዲስ አበባ ያደረጋት እሱ ነው። የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ ማገር፣ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ፣ ከላይ ቆርቆሮ። ከላይ ጣሪያው፣ ከታች እግሩ ከውሃ ከተጠበቀለት አያት የሠራውን የልጅ ልጅ ይኖርበታል። ውሃ ካገኘው ግን እንደ ስኳር ነው።

ታዲያላችሁ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ ያ የመሬት መንቀጥቀጥ መጣ። ከፈንታሌ አካባቢ እየተነሣ እስከ እኛ ድረስ አልጋ ሲያወዛውዝ ትዝ ይላችኋል? ከፎቅ የወረደ ጎረቤት ብርድ ልብስ ተከናንቦ እኛ ደጅ ሲቆም፣ እማዬ «ዛሬ ደግሞ የጭቃ ቤት ተከበረ!» ብላ አሳቀችን። ሲነጋ ግን ሳቃችን ጠፋ። ታናሽ እህቴ ከምትተኛበት አልጋ ራስጌ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ጣት ያስገባል።

«ድሮም ነበረ እንዴ?» ብንባባል የሚያስታውስ ጠፋ። የሚኖርበትን ቤት ግድግዳ ማን አተኩሮ ያያል?

እማዬ ዕቁብ ነበራት፤ 120,000 ብር። መጋቢት ላይ ወጣላት። ገንዘቡ የታሰበው ለእህቴ የኮሌጅ ክፍያ ነው። «ልጅቱ ግድግዳ ተጭኗት ከሞተች ምን ትማራለች?» አለችና እማዬ ብሩን ለቤቱ አዞረችው። ሰው የማምጣቱን ነገር ለእኔ ሰጠችኝ። የቤቱ ወንድ እኔ ነኛ!

አንድ ቤት፣ ሁለት ኢንጂነር

የመጀመሪያውን ያመጣልን ደላላ ነው። ጥቁር መነጽር፣ የተቀሰረ ጫማ፣ እጁ ላይ የመኪና ቁልፍ። በር ላይ ቆሞ አንዴ ዞር ብሎ አየ። ግድግዳውን በቁልፉ ኳ! ኳ! አደረገ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይሄ ቤት አልቆለታል። አፍርሰን በብሎኬት ነው የምንሠራው። ልጆቹ አሉኝ፣ ሰኞ ይገባሉ።» ስንጥቁ መቼ እንደመጣ አልጠየቀም። ጣሪያውን ቀና ብሎ አላየም። ዋጋውን ግን ከእነሳንቲሙ ተናገረ፤ የዕቁቡ አራት እጥፍ! እማዬ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሸኘችው።

ሁለተኛው የጓደኛዬ ታላቅ ወንድም ነው። «ኢንጂነር» ነው የሚባለው፤ የት እንደተማረ ግን ጠይቄ አላውቅም። እንዴት ይጠየቃል? ያሳፍራላ! ያደግነው አብረን፣ እናቱ ቤት ስንት ጊዜ በልቻለሁ። እሱም መጣ፣ ቡናውን እስከ በረካ ጠጣ፣ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «ምንም የለውም!» አለን። «ይሄ የልስን ስንጥቅ ነው። በሲሚንቶ ልስን እንደፍነዋለን፣ ስቱኮ እንመታዋለን፣ ቀለም እንቀባዋለን። በሳምንት ውስጥ ሙሽራ አደርግላችኋለሁ። ሠራተኞቼ እጃቸው ወርቅ ነው።»

«ምንም የለውም» የሚለው ቃል እንዴት እንደሚጣፍጥ! ሐኪም ቤት ገብታችሁ «ነጻ ነህ» ስትባሉ ያለውን ደስታ አስቡት። እማዬ አመሰገነች፣ እኔም ኮራሁ። ቀብድ ከፈልን፣ ከዚያ ቀሪውን፤ በጠቅላላው 46,000 ብር። ውል? ወረቀት? ከወንድም ጋር ምን ውል አለ! ሚያዝያ ውስጥ ሥራው አለቀ። ቤቱ በእውነት ሙሽራ መሰለ፤ እህቴ ግድግዳዋን ሮዝ አስቀባች።

የግንቦት ልደታ ማታ

ግንቦት 1 ደረሰ። በእኛ ሰፈር የልደታ ቀን ምን እንደሚመስል ለልደታ ሰው አይነገርም። ንፍሮው ደጅ ይቀቀላል፣ ቡናው ደጅ ይፈላል፣ ጎረቤት ሁሉ ደጅ ይቀመጣል። በዋዜማው ኃይለኛ ዝናብ ዘንቦ ነበር። እህቴ ራሷን አሟት ልትተኛ ብላ እማዬ «በልደታ ቀን ቤት አይገባም፣ ነይ ውጪ!» ብላ በግድ አስወጣቻት። ንፍሮ እየዘገንን ሳለ ከቤት ውስጥ ከረጢት እህል እንደ ወደቀ ያለ ድምፅ ሰማን።

ገብተን ስናይ ሮዙ ግድግዳ እንደ እንጀራ ተገንጥሎ ወርዷል። ከነሲሚንቶው፣ ከነስቱኮው፣ ከነቀለሙ። ትራሷ ላይ ነበር ያረፈው። ቁራጩን እኔና ጎረቤታችን ለሁለት ነው ያነሣነው።

እማዬ አልጮኸችም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ትራሱን አራገፈችው፣ ደጋግማ አራገፈችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ሰውየው በእውነት ኢንጂነር ነው ወይ?»

አላውቅም ነበር።

ለምን ወደቀ? በኋላ የተረዳሁትን አሁን ልንገራችሁ። ጭቃና ሲሚንቶ የባልና ሚስት ጠባይ የላቸውም። ጭቃ ርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ደግሞም ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ድርቅ ያለ ነው። የሲሚንቶ ልስን በጭቃ ላይ እንዲሁ ሲለጠፍበት ውስጥ ያለው ርጥበት መውጫ ያጣል፣ ከኋላ ያለው ጭቃ ይላላል፣ ልስኑም አንድ ቀን ጓዙን ጠቅልሎ ይወርዳል። ከሥር የሚይዘው የሽቦ መረብ እንኳ አልተደረገለትም። ሰውየው በሽታውን ሳያድን ሜካፕ ቀብቶልን ሄደ!

ልከሰው ተነሣሁ። ፍርድ ቤቱ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ ልደታ ነው ያለው። እዚያ አካባቢ ወረቀት የሚያዘጋጁ አንድ ሽማግሌ ጋ ሄጄ ታሪኬን ሁሉ ዘረገፍኩ። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ውል አለህ?» አሉኝ። የለኝም። «ደረሰኝ?» የለኝም። «የፍትሐ ብሔር ሕጉ እኮ ከ1952 ጀምሮ ጥሩ አንቀጽ አለው። ቁጥር 3039፤ የሕንፃ ሥራ የተቀበለ ሰው ሥራውን ካስረከበ በኋላ አሥር ዓመት ዋስ ነው ይላል። አንተ ግን ሥራውን ለእሱ ስለመስጠትህ በምን ታስረዳለህ?» ሁለት መቶ ብር ልከፍላቸው ብል «ሻይ ጠጣበት» ብለው መለሱልኝ። የማፍረው በምን እንደሆነ ጠፋኝ።

የአይጥ ምስክሯ ድምቢጥ

በዚያ ሰሞን ቨርጂኒያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ደወለ። ጉዳችንን ብነግረው ሳቀብኝ። «እኔ እዚህ ቤት ልገዛ ስል መጀመሪያ ያመጣሁት የቤት መርማሪ ነው» አለኝ። ግማሽ ቀን ሙሉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ ከወለል ሥር ገብቶ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ ያየውን በወረቀት ጽፎ ሰጠው። የአክስቴ ልጅ ሐበሻ አይደል? «ታዲያ የተበላሸውን አንተው ሥራልኝ» አለው። ሰውየው «አይቻልም!» ብሎ እርፍ።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የቤት መርማሪዎች ማኅበር አለ፤ በሥነ ምግባር ደንቡ አባሉ የመረመረውን ነገር እስከ አንድ ዓመት ድረስ በክፍያ እንዳይጠግን ይከለክላል። ለምን ይመስላችኋል? ጥገናውን የሚሠራ ሰው ከመረመረ ዓይኑ ከኪሱ ጋር ይማከራላ!

ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። የእኛን ሁለት ኢንጂነሮች እስቲ አስተያዩአቸው። አንዱ «ሙሉ በሙሉ አልቋል» አለ፤ ብሎኬት የሚሠሩ ልጆች አሉት። ሌላው «ምንም የለውም» አለ፤ ለሳኝና ቀለም ቀቢ አለው። ቤቱ አንድ፣ ስንጥቁ አንድ፣ ፍርዱ ሁለት! ሁለቱም ያዩት ቤቱን አይደለም፤ ሊሸጡ የያዙትን ነው። አባቶች «የአይጥ ምስክሯ ድምቢጥ» ያሉት ለእኛ ነው።

«አላውቅም» ያለችው መሐንዲስ

ሦስተኛዋ የመጣችው በሰኔ ነው። አዎ፣ ሴት ናት፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። የተማረችው እዚሁ ልደታ፣ እኛ «ሕንፃ ኮሌጅ» የምንለው ጊቢ ነው። ይህ ተቋም በ1954 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተጀመረ ነው፤ እኛ በአጥሩ ሥር እያለፍን ስናድግ ውስጡ ምን እንደሚማሩ ጠይቀን አናውቅም። የጠቆመችኝ የማላውቃት የሌላ መንደር ሴት ናት፤ መሐንዲሷ ያየችላት ቤት ሁለት ክረምት ደርቆ ከርሞ ነበር።

እማዬ ልጅቷን ስታይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይቺን ሚጢጢ ነው ያመጣህልኝ?» አለችኝ። ሚጢጢዋ ግን ቡናው እስኪፈላ አልተቀመጠችም። መጀመሪያ ጠየቀች። ቤቱ መቼ ተሠራ? ጎረቤት መቼ ግንብ ሠራ? ሲዘንብ ውሃው በየት ይሄዳል? ስንጥቁ ሲከርም ይሰፋል? ከዚያ መሰላል አስመጣችና ኮርኒሱን ከፍታ በባትሪ ገባች። «መብራቱን አጥፉልኝ» አለች፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባውን ብርሃን ልትቆጥር ነው። ወርዳ ከግድግዳው ሥር ተንበረከከች፤ የምሰሶዎቹን እግር አንድ በአንድ በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አደረገች። አራተኛው ላይ ካቻቢቴው እንደ ቅቤ ሰመጠ።

ስንጥቁንም ቀረብ ብላ አየችው። «ኑ እዩ» አለችን። ውስጡ ገባ ብሎ አሮጌ አረንጓዴ ቀለም አለ። ያ ቀለም አባታችን በሕይወት እያለ የተቀባ ነው። ቀለም ወደ ስንጥቅ የሚገባው ስንጥቁ ቀድሞ ካለ ነው! ስለዚህ መሬት መንቀጥቀጡ ስንጥቁን አሳየን እንጂ አልፈጠረውም። ጥፋተኛው ሌላ ነበር፤ የጎረቤታችን አሸንዳ። ለዓመታት የጣሪያውን ውሃ በሙሉ በእኛ ግድግዳ እግር ሥር ሲያፈስ ኖሯል፤ ምሰሶው ከታች በስብሶ ግድግዳው ተንሸራተተ። እኛ ራስጌውን እየለሰንን በሽታው እግሩ ላይ ነበር!

በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ። እማዬ «ምሰሶው ከእግሩ ተቆርጦ ይቀጠላል ወይስ ሙሉው ይለወጣል?» ብላ ስትጠይቃት ልጅቷ «እማማ፣ ይህንን አላውቀውም፤ የጭቃ ቤት አናጢ ማየት አለበት» አለች። በሳምንቱ አንድ የእድሜ ባለጸጋ አናጢ ይዛ መጣች፤ ለእሳቸውም ለዓይናቸው ብቻ ከፈልን። «አላውቅም» የሚል ባለሙያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እማዬ ከዚያ በኋላ ሚጢጢ ብላት አታውቅም፤ «ኢንጂነርዬ» ነው የምትላት።

ለሥራዋ 5,000 ብር ተቀበለችና ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጠችን። ወረቀቱ በሦስት ተከፍሏል፤ «ዛሬ የሚሠራ»፣ «ከክረምት በኋላ የሚሠራ»፣ «ለመልክ ብቻ የሆነ»። ዛሬ የሚሠራው ምን መሰላችሁ? ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ አሸንዳውን ወደ ቱቦ ማዞር፣ ጣሪያውን በድጋፍ እንጨት ማስያዝ፣ የእህቴን አልጋ ወደ ሌላው ግድግዳ ማዞር። አለቀ! በስንጥቁ ላይ ትንሽ መስታወት በሁለት ጫፉ ለጥፋ ቀን ጻፈችበት፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰነጠቃል። «ክረምቱ ይውጣ፣ ጭቃው ይድረቅ፣ ከዚያ ጥሩኝ» አለች። ሥራ እንዳለ እያየ «ቆዩ» የሚል ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው።

እናንተስ እንዴት ትመርጣላችሁ?

እንግዲህ ከእኔ ራስ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፦ የሚያየው ሌላ፣ የሚሠራው ሌላ ይሁን። ቤቱን የሚያይላችሁ ሰው የሚከፈለው ለዓይኑ ነው። «ሠራተኞች አሉኝ» ካለ እንደ ሠሪ ዋጋ ይስጥ፤ መርማሪ ግን አይሁን። ከሲሚንቶ ሱቅ፣ ከቀለም ሱቅ ኮሚሽን የሚቀበልም ያው ነው። «ከዚህ ሱቅ ብቻ ግዙ» ሲል ጆሯችሁን አቁሙ።

ሁለተኛ፦ ወረቀቱን ጠይቁ። የትምህርት ማስረጃ፣ የሙያ ምዝገባ። «እንዴት ይጠየቃል፣ ያሳፍራል» አትበሉ፤ ይሉኝታ ስንት ቤት አፍርሷል! እኔ አንድ ጥያቄ መጠየቅ አፍሬ እህቴን ልቀብር ነበር። በትምህርቱ የሚኮራ ሰው ቢጠየቅ ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም።

ሦስተኛ፦ ያየውን ቤት ጠይቁ። አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት አይደለም፣ ክረምት ያለፈበት ቤት። ባለቤቷን ሴትዮ አነጋግሩ። «ዘንድሮ አፈሰሰ?» በሉ።

አራተኛ፦ ከማየቱ በፊት ዋጋ የሚናገርን ሸኙ። የማይጠይቅ፣ መሰላል የማይወጣ፣ የማይንበረከክ፣ ልብሱ እንዳይቆሽሽ የሚጠነቀቅ ሰው ቤት አላየም፤ ጎብኝቷል። እናንተም አብራችሁ ዙሩ። ጣሪያ፣ የግድግዳ እግር፣ የውሃ መውጫ፣ የመብራት ሽቦ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ፤ አንዱም አይቅር። ከዝናብ በኋላ ቢመጣ ደግሞ በጣም ጥሩ፤ ቤት እውነቱን የሚናገረው ሲዘንብ ነው።

አምስተኛ፦ ሦስት ጊዜ ይምጣ። ሥራው ሳይጀመር፣ ሳይሸፈንና ሲያልቅ። ዋናው መካከለኛው ነው። ልስን ከተለሰነ በኋላ ውስጡን ማን ያያል? አርማታ ከመሞላቱ በፊት ፌሮው ይታይ፤ ከተሞላም በኋላ ውሃ ይጠጣ። አርማታ ሙሉ ጉልበቱ የሚለካው በ28 ቀን ነው፤ በሦስተኛው ቀን «ደርቋል» ብሎ ድጋፉን የሚነቅል ሠሪ ካያችሁ አስቁሙት። ለሠሪው የምትከፍሉትም በየደረጃው፣ መርማሪው «ይሁን» ካለ በኋላ ይሁን።

ስድስተኛ፦ ሁሉም በወረቀት። ከወንድማችሁም ጋር ቢሆን! ማን፣ ምን፣ በስንት ብር፣ እስከ መቼ። ያ ቁጥር 3039 የሚሠራው ወረቀት ላላችሁ ነው።

«የመንግሥት ተቆጣጣሪ አለ አይደል?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» ብሎ መድቦ የሕንፃ ሹም እንዲኖር ደንግጎ ነበር። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ወረዳችሁን ጠይቁ። የመንግሥት ሰው የሚያየው ግን በሕጉና በፕላኑ መሠረት መሠራቱን ነው፤ ለሳኙ እናንተን እንዳያታልላችሁ ሊጠብቃችሁ አይመጣም። ያ የእናንተ ሰው ሥራ ነው። የቀበሌ ቤት የምትኖሩ ደግሞ አስታውሱ፤ ከ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ ባለቤቱ መንግሥት ነውና ሳታስፈቅዱ መዶሻ አታንሡ።

ኮንዶሚኒየም የደረሳችሁ ወይም የተከራያችሁ ወጣቶች፣ እናንተንም አልረሳሁም! «ሳሎኑን ላስፋው» ብላችሁ ግድግዳ ከመናዳችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው ያሳያችሁ። አንዱ ግድግዳ የክፍል መለያ ብሎኬት ነው፤ ሌላው ደግሞ ፎቁን የተሸከመ ኮለን ነው። ከቀለሙ በታች ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት የእናንተ የግል የሆነው ክፍላችሁ ነው፤ የሕንፃው አካል የሁላችሁም ነው። የሽንት ቤት ቦታ ለመቀየር ወለል ስትቦረቡሩ ከታች ያለችውን ሴትዮ ኮርኒስ እየነካችሁ ነው።

መደምደሚያ

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ ኢንጂነርዬ ተመልሳ መጣች። መስታወቱ አልተሰነጠቀም። ውሃው ዞሯልና ግድግዳው ቆሟል። በጥቅምት 2018 ሌላ ሠሪ፣ በወረቀት ውል፣ ሦስት ምሰሶ ለውጦ፣ እግሩን በድንጋይ ካብ ከፍ አድርጎ፣ በጭድና በጭቃ መረገልን። የጠየቀን ገንዘብ በሲሚንቶ ልስን ካቃጠልነው ያነሰ ነው። የቀረችው ብር የእህቴን የመጀመሪያ መንፈቅ ክፍያ ሸፈነች፤ ለሁለተኛው መንፈቅ እማዬ አዲስ ዕቁብ ገብታለች።

ያ የጓደኛዬ ወንድም? መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ገንዘቡን አልመለሰም፣ እኔም መጠየቅ ትቻለሁ። ለእሱ የቀረኝ ቂም ሳይሆን፣ ለራሴ የቀረኝ ትምህርት ነው። ያን ቀን «የት ነው የተማርከው? ማን ቤት ሠርተሃል? ቤቱን ስታይ ከሥራው ምን ታገኛለህ?» ብዬ ጠይቄው ቢሆን ምናልባት እሱም ባላፈረ ነበር።

እናላችሁ፣ «ምንም የለውም» የሚል ሰው ሲመጣባችሁ ደስ አይበላችሁ። «ምን አይተህ ነው?» በሉት። መልስ ካለው መሰላሉን አቅርቡለት፤ ከሌለው ቡናውን አጠጥታችሁ ሸኙት።

እስከ ሳምንት ቸር ሰንብቱ! ግድግዳችሁን አንዴ ዞር ብላችሁ እዩት እሺ?